የአጎታችን ጉድጓድ ውሃ

ናምፑላ፣ ጃንዋሪ 24 ቀን 1999

እትዬ ዛይናቦ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቴ ማፑቶ ድረስ ይግባልሽ። አንቺም ባለቤትሽ ቡራሞም እንዴት ከረማችሁ? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን። እማን ጉልበቷን ያማታል እንጂ ሌላ ነገር የለባትም። በኢድ ዕለት የላክሽላትን ካፑላና ሽርጥ አገልድማ ወጥታ፣ ጎረቤቱ ከየት አመጣሽው ሲላት "ሴት ልጅ ወልጄ" እያለች ስትመልስ ዋለች። አጠገቧ የቆምኩት እኔ ምን እንደሆንኩ እንጃ።

ጠርሙስ ይዞ በሰው ቤት መዞር ምን የሚሉት ሥራ ነው ብለሽኛል። አልፈርድብሽም፣ እማም ገና አልገባትም። ባለፈው ዝናብ በሰፈራችን በናምዌቶ ምን ያህል ሰው በተቅማጥና በትውከት እንዳለቀ ሰምተሻል። ዶክተር ኢልዳ የሚባሉ ሴት ሐኪም ይህን ሊያጠኑ መጡ። ከሌላ ቦታ የመጣ አጥኚ ጠይቆ ይሄዳል፣ ሰዉም የልቡን አይነግረውም፤ የሰፈሩን በሽታ የሰፈሩ ልጆች ያጥኑት ብለው አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስነውን ሰበሰቡን። እንዴት እንደሚጠየቅ፣ ውሃ እንዴት እንደሚቀዳ፣ የሰፈር ካርታ እንዴት እንደሚሳል አስተማሩን። አሁን ሁለት ሁለት እየሆንን ቤት ለቤት እንዞራለን። ምን ትጠጣላችሁ፣ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ እንላለን። ከየጉድጓዱም በጠርሙስ እንወስዳለን።

ከእኔ ጋር የሚዞረው ሴሌማኔ ይባላል። ከባቡር ሐዲዱ ማዶ ያለው ሰፈር ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ አፉ የማያርፍ። አንዲት አሮጊት ውሃችንን የት ነው የምታደርሱት ቢሉት፣ ለላቦራቶሪ ነው የምንሰጠው አላቸው። "እሱ ሰውዬ ደግሞ ምን ያህል ቢጠማው ነው?" አሉ። ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ የላቦራቶሪውን ሠራተኛ "ጥሙ" እያልን ነው የምንጠራው።

ሁሉም ግን እንደሳቸው አይደለም። ከመስጊዱ በታች ያሉት ቤቶች ስንደርስ ሴቶቹ ዝም ይላሉ። ልጆች ከኋላችን ይከተሉና ዞር ስንል ይበተናሉ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ከአጎታችን ከአባካር ጉድጓድም ቀድተናል። ገመዱን ራሳቸው ጎተቱልኝ። ሙሉውን ውሰጂ፣ ለዶክተሯም አንድ ጀሪካን ጨምሪላቸው፣ ከተማው ውስጥ እንዲህ ያለ ውሃ አያገኙም አሉኝ። በጣም ደስ ብሏቸው ነበር።

መቼ ነው የምትመጪው? ባለፉት ደብዳቤዎቼ ሁሉ ጠይቄሽ አንድም ጊዜ አልመለስሽልኝም።

እህትሽ አቲጃ


ማፑቶ፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1999

አቲዬ የኔ ልጅ፣

ዘግይቻለሁ፣ ይቅር በይኝ። ከረጅሙ ደብዳቤሽ ቀጥሎ የላክሻት አጭር ወረቀት ከደረሰችኝ ሰንብታለች። መልሱን ሁለቴ ጽፌ ሁለቴ ቀደድኩት። ይሄኛውን ግን ክፉም ይሁን ደግ እልከዋለሁ።

የአጎታችን ጉድጓድ ከሁሉም የባሰ ሆኖ ተገኘ፣ እኔ ልንገራቸው ወይስ ሌላ ሰው ይንገራቸው ብለሽኛል። አንቺ አትንገሪ። ዶክተሯ ይሂዱ፣ ሽማግሌ ይዘው፣ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀምጠው ይንገሩ። አጎታችን የእናትሽ ወንድም ናቸው። እኔን የዳሩ እሳቸው፣ አንቺን ትምህርት ቤት ያስገቡ እሳቸው፣ ነገ ባል ሲመጣልሽም እሺም እንቢም የሚሉት እሳቸው ናቸው። የእህት ልጅ ተነስታ ውሃህ ቆሻሻ ነው ብትላቸው የሰው ፊት እንዴት ያያሉ?

ጉድጓዱን ሲቆፍሩ አንቺ ጥርስሽን ያልለወጥሽ ልጅ ነበርሽ፣ አታስታውሺም። ከገጠር ጦርነቱን የሸሸው ሰው መንገድ ዳር ወድቆ ነበር። አጎታችን አካፋቸውን ይዘው ወረዱ፤ ሲወጡ በጭቃ የተለሰነ ግድግዳ ነበር የሚመስሉት። ውሃው ሲገኝ ሰዉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ማንንም ከዚያ ጉድጓድ አልመለሱም፣ ከማንም ምንም አልተቀበሉም። የሰፈሩ ሰው ዛሬ ድረስ ሲያያቸው ባርኔጣውን የሚያወልቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀስ። አንቺም እማም ግን ከዛሬ ጀምሮ ሳታፈሉ አትጠጡ። አጎታችን ቤት ስትሄዱም ቢሆን ጾመኞች ነን በሉ።

እኛ ደህና ነን። ቡራሞ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቷል። እኔ እሰፋለሁ። ሙቀቱ ሌላ ነው።

እህትሽ ዛይናቦ


ናምፑላ፣ ፌብሩዋሪ 13 ቀን 1999

እትዬ ዛይናቦ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር። መልሼ ተውኩት።

ምክርሽ ሳይደርሰኝ ነግሬያቸዋለሁ። ከሌላ ሰው ቢሰሙ ልጄ እያወቀች ደበቀችኝ ይላሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ጋ ከሄድኩ ወዲህ ነው ደብዳቤሽ የመጣው። ደግሞ ከስምሽ በላይ ጽፈሽ የደለዝሽው መስመር አለ፤ እስክሪብቶው ወረቀቱን በስቶታል። ብርሃን ላይ አድርጌ ላነበው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ምን ነበር?

አጎታችን ብስክሌታቸውን ገልብጠው ጎማውን እየጠገኑ ነበር። ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ አጎቴ፣ የቀዳነው ውሃ ጥሩ አይደለም አልኳቸው። ቀና አላሉም።

"ምን አለው?"

"ሽንት ቤት ገብቶበታል። ዳገቱ ላይ በየጊዜው አዲስ ቤት ይሠራል፣ አዲስ ሽንት ቤት ይቆፈራል። ዝናብ ሲመጣ ሁሉም ወደ ታች ይሰርጋል። የእርስዎ ጥፋት አይደለም።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"አናውቅም። ከዚህ በፊት መርምሮት የሚያውቅ የለም።"

ጎማውን በእጃቸው አዙረው ሲቆም ጠበቁት። ከዚያ "አንቺም ከዚሁ ጠጥተሽ ነው ያደግሽው፤ ሂጂ፣ እናትሽን ሰላም በያት" አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ ጣለ፣ በሽታውም ገባ። ስሙ ኮሌራ ነው። ኳስ ሜዳው ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ የታመመ እዚያ ነው የሚወሰደው። እኛም ጥያቄውን ትተን ውሃ የሚያክም ዱቄት እያደልን ነው። ክሎሪኑን ሰዉ ክሎሮ ነው የሚለው። ክሎሮ፣ ኮሌራ። ሁለቱ ቃላት በሰፈሩ ጆሮ አንድ ሆነዋል። መጀመሪያ ውሃችንን በጠርሙስ ወሰዱ፣ ቀጥሎ ኮሌራውን በዱቄት አምጥተው ጨመሩብን፣ እኛን ገድለው መሬቱን ሊወስዱት ነው ይላሉ። ዱቄቱን ሰጥቼያቸው በፊቴ መንገድ ላይ የደፉ አሉ። አንድ ሰው ሴሌማኔን "ስንት ተከፍሎህ ነው የምታስበላን?" ብሎ በሸሚዙ ያዘው። ሴሌማኔ ሳቀና "እኔማ የሚበላ ሥጋም የለኝ" አለው፤ ሰውየው ግን አልሳቀም። ሴሌማኔም ከዚያ በኋላ እስከ ቤታችን ድረስ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል አይቼው አላውቅም።

የአጎታችን የልጅ ልጅ ፋዚላ ታማለች። ድንኳን ይውሰዷት ብዬ ላክሁ። የአጎታችን ሚስት፣ እዚያ የገባ የሚወጣው ሬሳው ነው ብላ በሩን ዘጋች። አጎታችን ቤት ውስጥ እንደነበሩ አውቃለሁ፣ ብስክሌቱ ደጅ ነበር።

ሰዉ ስለ እኛ የሚለውን ለእማ አልነገርኳትም። አንቺም ስትጽፊላት አታንሺባት።

አቲጃ


ማፑቶ፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1999

አቲዬ፣

ሬዲዮ ሰማሁ። በናምፑላ ሕዝቡ ዱቄት የሚያድሉትን ልጆች ደበደበ አለና ወደ ሌላ ወሬ አለፈ። የሰፈር ስም የለ፣ የሰው ስም የለ። ቡራሞ፣ ናምፑላ ትልቅ ከተማ ነው፣ ሌላ ሰፈር ይሆናል ይለኛል። እሱ ራሱ ግን ምሳውን አልበላም።

ሥራውን ተዪው። የሚያሳፍር ነገር የለውም። ዶክተሯ አገራቸው ይገባሉ፣ አንቺ ግን እዚያው ነሽ። እማን ይዘሽ እኔ ዘንድ ነይ። ቤቱ ጠባብ ነው፣ እንጠጋጋለን።

ትናንት ፖስታ ቤት ሄጄ ምንም አልመጣም አሉኝ። ዛሬም ሄድኩ። የመስኮቱ ሰውዬ ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ።

አንዲት ቃል ጻፊልኝ። በሕይወት አለሁ በይኝ፣ ሌላው ይቅር።

ዛይናቦ


ሞናፖ፣ ፌብሩዋሪ 25 ቀን 1999

እትዬ፣

በሕይወት አለሁ። ዶክተር ኢልዳ ደብዳቤሽን ከናምፑላ በሰው ልከውልኝ ነው ያነበብኩት።

ለምን ሞናፖ ሆንኩ ትያለሽ። ዶክተሯ በመኪናቸው ያመጡኝ እዚህ የሴሌማኔ አክስት ቤት ነው። ከግቢ አልወጣም። አክስቱ የዋህ ሴት ናት፤ የካሳቫ ገንፎ ትሰጠኛለች፣ ካልጨረስኩ ታለቅሳለች። ደጁ በተንኳኳ ቁጥር ከአልጋው ሥር መግባት ያምረኛል። ትናንት ያንኳኳው ኳሱን የሚፈልግ የጎረቤት ልጅ ነበር።

የሆነውን ልንገርሽ። ፋዚላ ሞተች። በተቀበረች ማግስት ጠዋት ሥራ ወጣን። ሴሌማኔ ዛሬ ይቅርብን ብሎኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት፣ በሽታው አይጠብቅም ብዬ። ከመስጊዱ በታች ስንደርስ ሴቶች መንገዱን ዘግተው ቆመዋል። እነዚህ እኮ እኔን አዝለው ያሳደጉኝ ሴቶች ናቸው። አንዷ "በሽታ አምጪዋ መጣች" አለች። ጮክ ብላ አይደለም፣ ቀስ ብላ ነው ያለችው። ከዚያ ድንጋይ።

ሴሌማኔ ገፈተረኝና "ሩጪ፣ እኔን ይበቃቸዋል" አለኝ። ሮጥኩ። አንድ ከሰል ሻጭ እጄን ይዞ ጎተተኝና ከከሰሉ ጆንያዎች ኋላ ደበቀኝ። ደጁ ላይ ሆኖ ወደ ወንዙ ወረደች ሲላቸው እሰማዋለሁ። የሴሌማኔን ድምፅም እሰማ ነበር፤ በኋላ ግን መስማት አቆምኩ። ይህን አንዴ ጽፌዋለሁ፤ ሌላ ጊዜ አትጠይቂኝ።

አልሞተም። ክንዱ ተሰብሯል፣ በአንድ ጆሮው አይሰማም፣ ሆስፒታል ነው ያለው። ቀድሞም ሰው አትሰማም ነበር ብላችሁ እንዳትቀልዱብኝ ብሎ በሰው ላከብኝ።

እማ ደህና ናት። ሰላም ትልሻለች።

አቲጃ


ማፑቶ፣ ማርች 3 ቀን 1999

አቲዬ፣

በሕይወት አለሁ የሚለውን መስመር ቡራሞ እንዲያነብልኝ አደረግሁ፤ ዓይኔ እያየው አላምን ብሎኝ። ተመስገን። የዚያን ከሰል ሻጭ ስም ላኪልኝ፣ በእያንዳንዱ ሰላት ላነሳው።

አሁን ግን ሳትሸሺኝ ስሚኝ። ስለ እማ የጻፍሽው ደህና ናት፣ ሰላም ትልሻለች ብቻ ነው። አንቺ ሞናፖ ሆነሽ እንዴት ሰላም በያት አለችሽ? ሌላ ጊዜ ስለ እማ ከጀመርሽ ወረቀት አይበቃሽም፤ የጉልበቷ፣ የዶሮዋ፣ ከጎረቤት የተጣላችው ሁሉ አይቀርሽም። እናቴ ምን ሆናለች? ሞታ ከሆነ ሞታለች በይኝ። ከሌላ ሰው አፍ እንዳልሰማው።

ደግሞ የደለዝኩትን መስመር ጠይቀሽኝ ነበር። ሬዲዮው ሲያስደነግጠኝ ዘልዬው ነበር። አሁን እጽፈዋለሁ።

ሳሊሞን ታስታውሺዋለሽ? ልጄን። አንቺ ያን ጊዜ ትምህርት ቤት ነበርሽ፣ ስትመለሺ ጀርባሽ ላይ ካልወጣሁ ብሎ ያለቅስ ነበር። በዝናቡ ወራት አንድ ቀን አስመለሰው፣ አስቀመጠው፣ በማግስቱ ሄደ። የቡራሞ እናት፣ የሰው ዓይን ነው የበላው አሉ። እኔ የበሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው አልኩ፤ አፍ አውጥቼ ሰው ፊት። እሳቸውም እስከ ዕለተ ሞታቸው አላናገሩኝም። ማፑቶ የመጣነው ለሥራ አይደለም አቲዬ፣ ያን ግቢ ማየት ስላቃተኝ ነው። መቼ ትመጪያለሽ እያልሽ የምትጠይቂኝ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው።

በታመመ ጊዜ ይጠማው ነበር። እኔ ደግሞ ከአጎታችን ጉድጓድ እየቀዳሁ አጠጣው ነበር። ንጹሕ ነው ብዬ፣ ከሌላው መርጬ፣ ርቄ እየሄድኩ። ሲጠይቀኝ እሰጠዋለሁ፣ ሲያስመልሰው ደግሞ እሰጠዋለሁ።

አንቺ ተምረሻል። ውሃው ነው ወይ?

ዛይናቦ


ናምፑላ፣ ማርች 15 ቀን 1999

እትዬ ዛይናቦ፣

እማ አልሞተችም። አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን እያየች ነው፤ ማንበብ ባትችልም ምን ያህል መስመር እንደጻፍኩ ትቆጥራለች። ደብቄሽ ነበር፣ ይቅር በይኝ። ሞናፖ ሆኜ ስጽፍልሽ በሕይወት ትኑር አትኑር እኔም አላውቅም ነበር። ደህና ናት ብዬ ከጻፍኩት ደህና የምትሆን መስሎኝ ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ያመለጥኩ ዕለት ሰዉ እኔን ሲያጣ አጎታችን ግቢ ሄደ። የእህትህን ልጅ አውጣ፣ ጉድጓድህ ውስጥ መርዝ የጨመረችው እሷ ናት፣ የልጅ ልጅህን የገደለችውም እሷ ናት አሏቸው። አጎታችን ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አልጨመረችም አላሉም። ውሃው ድሮም ቆሻሻ ነበር አላሉም። እማ ወሬውን ሰምታ በዚያ ጉልበቷ እየተጎተተች መጣች። ማንንም አላናገረችም። ባልዲውን ጣለች፣ ጎትታ አወጣች፣ በቅሉ ቀዳችና ሁሉም እያያት ጠጣች። ደግማ ቀዳች፣ ደግማ ጠጣች።

"ልጄ መርዝ ጨምራበት ከሆነ እዚሁ ፊታችሁ እወድቃለሁ፤ ቁጭ ብላችሁ ጠብቁ" አለቻቸው።

ጠበቁ። አልወደቀችም። ፀሐይ ስትበረታ አንድ በአንድ ሄዱ። ቤታችንን የማቃጠል ወሬም ነበረ፣ በዚያው ቀረ።

እትዬ፣ እማ ታውቅ ነበር። ገና የጠርሙሱ ውጤት ሲመጣ ነግሬያት ነበር፣ አንቺ ካዘዝሽንም ወዲህ ሳታፈላ ጠጥታ አታውቅም። መርዝ እንደሌለበትም፣ ምን እንዳለበትም እያወቀች ነው የጠጣችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት "ታዲያ ምን ላድርግ፣ ካርታ ልሳልላቸው?" አለችኝ። ይኸው ነው መልሷ።

በማግስቱ ጀመራት። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ፣ ማንም አልቀረበም። የሴሌማኔ ወንድም ሞናፖ መጥቶ ነገረኝ። ልሂድ ብዬ ተነሳሁ፤ መኪና መሳፈሪያው ድረስ ደረስኩ፣ ከናምፑላ የመጣ ሰው ሲወርድ አየሁና ፊቴን አዞርኩ። ተመለስኩ። አንቺ እዚያ ሆነሽ መንገዱ ይከለክልሻል፤ እኔ ግን ቅርብ ሆኜ ነው የቀረሁት።

እማን የወሰዷት አጎታችን ናቸው። ብስክሌታቸውን ይዘው መጡ፣ ከኋላ ኮርቻው ላይ አስቀመጧት፣ በካፑላናዋ ከኮርቻው ጋር አሰሯት። ቀኑ ገበያ ነበር። በገበያው መካከል፣ ልብሳቸው ተበላሽቶ፣ ብስክሌቱን እየገፉ ወደ ኳስ ሜዳው ሄዱ። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው። አንድ ሰው፣ እዚያ የገባ አይወጣም፣ እህትዎን አይግደሏት አላቸው። "ቤቴ ያስቀረኋትን ቀበርኳት፤ ይቺን ደግሞ እስቲ ወስጄ ልያት" አሉት። የነገረችኝ ድንኳኑ ውስጥ የምትሠራ ነርስ ናት። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የተበጠበጠበትን ውሃ በማንኪያ እየሰጡ እጇን አልለቀቁም አለች። ሰው እማን ሊያይ አጥሩ ጋ ይሰበሰብ ነበር። ስትድን አዩ። ከዚያ ወዲያ ሕመምተኛ በጀርባም፣ በጋሪም፣ በተነቀለ በርም ላይ ተጭኖ መምጣት ጀመረ። ከመጡት የሞቱ አሉ። የሚበዙት ግን ድነዋል።

እማ ከስታለች፣ ዓይኗ ገብቷል፣ ግን ትበላለች። ዶሮዋ በሌለችበት ስለጠፋች ከጎረቤት ተጣልታለች። አሁን አመንሽኝ?

አሁን የጠየቅሽኝን። አንድ ቀን ሙሉ ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ። ዶክተር ኢልዳን ልጠይቃቸው አሰብኩና ተውኩት፤ አንቺ የጠየቅሽው እኔን ነው።

ያን ጊዜ ውሃውን የመረመረው የለም፣ ስለዚህ በእርግጠኝነት አላውቅም። ግን ዳገቱ ላይ ቤቶቹ ያን ጊዜም ነበሩ። ልጅሽ የሞተው በዝናቡ ወራት ነው። ሕመሙም ይኸው የማየው ሕመም ነው። ውሃው ይመስለኛል እትዬ። የቡራሞ እናት አይደሉም፣ ዓይንም አይደለም። አንቺም አይደለሽም። ልጅ ሲጠማው ውሃ ይሰጣል፤ አንቺ ደግሞ ከሁሉ ይሻላል የተባለውን ርቀሽ ሄደሽ ነው ያመጣሽው።  አይደለም ብዬ ብዋሽሽ ደስ ባለኝ ነበር። ግን ከዋሸሁሽ ሰው ደጅ ሄጄ እንዴት እናገራለሁ?

ሥራ ተመልሻለሁ። አትቆጪ። ሴሌማኔ ክንዱን እንደታሰረ ከእኔ ቀድሞ ተመልሷል፤ ከእንግዲህ ስድቡን የምሰማው በግማሽ ነው ይላል። እኔ ግን የመጀመሪያው ቀን መንገዱ ጫፍ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሁሉ ድንጋይ እዚያው መሬት ላይ ነው፣ ማንም አላነሳውም። አጎታችን ከኋላዬ መጡ። ጉድጓዱን በእንጨት ረብርበው ዘግተውታል፤ ውሃ ሊቀዳ የመጣውን ራሳቸው ቆመው ወደ ቧንቧው ይመልሱታል። ቧንቧው ሩቅ ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው፣ ይሰድቧቸዋል። ባርኔጣ የሚያወልቅላቸውም ቀንሷል። ምንም ሳይሉኝ ብስክሌታቸውን እየገፉ ከፊቴ ሄዱ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንዲሁ ነው፤ እኔ ቤት ስገባ እሳቸው ደጅ ይቆማሉ።

ድንጋይ የወረወረ የለም። ሌላ ነገር ነው የመጣብኝ። ከገበያው ጀርባ የምትኖር ሪቢያ የምትባል ሴት አለች። ዱቄቱን ስሰጣት ተቀበለችኝ፣ አጠቃቀሙን ሳስረዳት ራሷን ነቀነቀች። ስወጣ ጨርቄን ያዘችኝ። የሷም ልጅ በፊት፣ በሌላ ዝናብ ሞቷል። በውሃው ነው ወይ አለችኝ። ለአንቺ ከላይ የጻፍኩትን አልኳት። መሬት ላይ ተቀመጠች፣ አብሬያት ተቀመጥኩ። በቀጣዩ ቤትም ጠየቁኝ፣ ከዚያ በላይ ባለውም። በየቤቱ አንድ አለ እትዬ። እኛ የአሁኑን በሽታ ልናጠና ነበር የወጣነው።

አሁን ጠዋት ስነሳ የሚያስፈራኝ ድንጋዩ አይደለም። የበር ላይ ጭቅጭቅ ይሁን ስድብ እችለዋለሁ፣ ሩጫም ለምጃለሁ። የሚያስፈራኝ ያቺ ጥያቄ ናት። አጎታችን ደጅ ቆመው መልሴን ሁሉ ይሰማሉ፤ ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ሁሉም ይሰማል። ስወጣ ቀና ብለው አያዩኝም፣ ብስክሌቱን ይይዙና ወደሚቀጥለው ቤት ይገፋሉ። ስለ ፋዚላ አንድም ቀን አልጠየቁኝም። ይጠይቁኛል። የምመልሰውን አውቀዋለሁ፣ ግን እሳቸውን እያየሁ ማለት መቻሌን አላውቅም።

እማ ጨርሺ ትለኛለች። አጎታችን ደጅ መጥተዋል፤ የብስክሌቱን ደወል አይደውሉም፣ ቆመው ይጠብቁኛል። ልሂድ።

አቲጃ